ሳይክል ነጂውን የሚጥለው መኪና ብቻ አይደለም

ይድረስ ለተከበራችሁ የጋዜጣው አዘጋጆች

ጤና ይስጥልኝ። ስለ ትራፊክ አደጋ የምትጽፉትን ሁልጊዜ እከታተላለሁ። ፍጥነት፣ ጠጥቶ ማሽከርከር፣ ስልክ እያወሩ መንዳት፣ ያለ ዜብራ መሻገር፣ ሁሉም በገጻችሁ ተነስቷል፤ መነሳትም አለበት። አንድ ነገር ግን ሁሌ ይቀራል። ሳይክል የሚነዳ ሰው መኪና ሳይነካው፣ ማንም ሳይገፋው መንገዱ ራሱ ይጥለዋል። ክፍት ጉድጓድ ይጥለዋል፤ የፍሳሽ ፍርግርግ፣ የተበተነ ጠጠር፣ የረጠበ ኮብልስቶን ይጥለዋል። ሐምሌ ገብቷል፤ ይህን ለመጻፍ ከዚህ የተሻለ ወር የለም።

ባለፈው ክረምት የሰፈራችን ልጅ ላይ የደረሰውን ልንገራችሁ። ምግብ በሳይክል እያደረሰ የሚተዳደር ታታሪ ልጅ ነው። ማታ አንድ ሰዓት ገደማ ቁልቁለት እየወረደ ነበር። ዝናቡ አባርቷል፣ አስፋልቱ ግን ገና አልደረቀም። ከኋላው ሚኒባስ ክላክስ ሲያደርግበት እንደ ደንቡ ወደ ቀኝ ጠጋ አለ። በቀኝ በኩል የዝናብ ውሃ የሚገባበት የብረት ፍርግርግ አለ። ብረቶቹ የተደረደሩት በመንገዱ አቅጣጫ፣ ወደ ፊት ተዘርግተው ነው። የፊት ጎማው በሁለቱ ብረቶች መሃል ገባና ተቀረቀረ። ሳይክሉ ባለበት ቀጥ አለ፣ ልጁ ግን በመሪው ላይ ተሻግሮ በእጁ አስፋልቱ ላይ አረፈ። የእጁ አንጓ ተሰበረ፣ አገጩም ተሰፋ። ከወር በላይ ጀሶ አስሮ ያለ ሥራ ቤት ዋለ፤ እናቱን የሚረዳው እሱ ነበር። ሚኒባሱ መንገዱን ቀጠለ፣ አልነካውማ። ትራፊክ ፖሊስም አልመጣም፣ ግጭት የለም፣ ተከሳሽ የለም። ፍርግርጉ ዛሬም እንደዚያው ነው፤ በቅርብ በዚያ ሳልፍ አይቼዋለሁ።

ይህን ያነሳሁት ልጁ ስለሚያሳዝነኝ ብቻ አይደለም። እንዲህ ዓይነቱ አደጋ የትም አይመዘገብም። ፖሊስ ጋ አይደርስም። ሐኪም ቤት ሲሄድ «ወደቀ» ተብሎ ይጻፋል፤ ከደረጃ ይውደቅ ከሳይክል የሚለይበት ነገር የለም። ሳይክል እንደ ልብስ በሆነባት ኔዘርላንድስ እንኳ ከሳይክል ነጂዎች ጉዳት ብዙውን የሚይዘው ሌላ ተሽከርካሪ የሌለበት፣ ሰው ብቻውን የሚወድቀው አደጋ እንደሆነ አጥኚዎች ደጋግመው ጽፈዋል። እዚያ አስፋልቱ የተወለወለ ነው። እኛ ጋ ምን ያህል እንደሚሆን እናንተው ገምቱት። ያልተመዘገበን ነገር ደግሞ በጀት ሲያዝ ማንም አያስታውሰውም።

መኪና ውስጥ ላለ ሰው መንገድ ማለት ሌላ ነገር ነው። አራት ሰፋፊ ጎማ አለው፣ ባሌስትራና አሞርዛተር አለው። ትንሽ ጉድጓድ ሲገባ «ዷ» ይላል፣ ሹፌሩ ከንፈሩን ይመጥጣል፣ ያልፋል። ሳይክል መንገዱን የሚነካው ከአውራ ጣት እምብዛም በማይበልጥ ቦታ ነው፤ ያውም በሁለት ጎማ ብቻ። የኋላ ጎማ ቢንሸራተት ብዙ ጊዜ እግርን አውርዶ መትረፍ ይቻላል። የፊተኛው ከከዳ ግን ለማሰብም ጊዜ የለም፤ ራሳችሁን መሬት ላይ ነው የምታገኙት። ስለዚህ ለመኪና «ምንም አይልም» የሚባል መንገድ ለሳይክል አጥንት ሰባሪ ሊሆን ይችላል። መንገድ ሠርተው ሲረከቡና ሲያስረክቡ በመኪና እየተዞሩ ነው የሚያዩት። አንድ ቀን በሳይክል ቢዞሩበት ብዙ ነገር ይታያቸው ነበር።

እስቲ ስለ ፍርግርጉ ትንሽ ልቆይ፤ ከሁሉም በላይ የሚያናድደኝ እሱ ነው፣ ምክንያቱም መፍትሔው እጅግ ቀላል ነው። እኛ አገር በቀኝ ነው የሚነዳው። ሳይክል ነጂ ደግሞ ሁሌ ወደ ቀኝ ጥግ ይገፋል። የዝናብ ውሃ መውረጃውም ያለው እዚያው ቀኝ ጥግ ላይ ነው። በሰፊው የሚነዳው ከባድ ሳይክል ጎማው 4 ሳንቲ ሜትር አካባቢ ነው፤ የእሽቅድምድም ሳይክል ደግሞ ከ3 ሳንቲ ሜትር በታች ነው። በፍርግርጉ ብረቶች መካከል ያለው ክፍተት ከዚያ ከሰፋ ጎማውን ይውጠዋል። ብረቶቹ በመንገዱ አግድም ቢሆኑ ኖሮ ጎማው እየተንገጫገጨ በላያቸው ያልፍ ነበር። ስለዚህ ፍርግርጉን አንስቶ አዙሮ መግጠም፣ ልኩ አልዞር ካለ ደግሞ ሁለት ሦስት ዘንግ ፌሮ በአግድም መበየድ ይበቃል። አንድ በያጅ ከነማሽኑ ባንድ ቀን ስንቱን ይጨርሳል! ጥናት አይፈልግ፣ የውጭ ምንዛሪ አይፈልግ።

ክዳን የሌለው ጉድጓድ ደግሞ ሌላው ጣጣ ነው። የብረት ክዳን ይሰረቃል፣ ተሰባብሮ ለቁራሌ ይሸጣል። በምትኩ የሚገጠመው የኮንክሪት ክዳን ከባድ መኪና ሲወጣበት ይሰነጠቃል፤ ከጊዜ በኋላ መሃሉ ይረግፍና ፌሮው ወደ ላይ ተቀስሮ ይቀራል። ጎማ ይበሳል፣ ሰው ቢወድቅበትማ አያድርስ ነው። የሰፈር ሰው ደግ ነው፤ የዛፍ ቅርንጫፍ ቆርጦ ያቆምበታል፣ ወይ አሮጌ ጎማ ያስቀምጥበታል። ቀን ላይ ይህ ስንቱን አትርፏል። ማታ መብራት ሲጠፋ ግን ቅርንጫፉም ራሱ አይታይም። አንዳንዱ ቅርንጫፍ ቅጠሉ ደርቆ ረግፎ፣ ግንዱ ብቻ ቆሞ ወራት ሲያልፉ ታያላችሁ። ያን ያህል ጊዜ አንድ ክዳን እንዴት ይጠፋል? ስርቆቱን ማስቆም ቢያቅት እንኳ በማጠፊያ ተያይዞ የማይነቀል ክዳን መግጠም ይቻላል፤ እንዲህ ዓይነቱ ክዳን በብዙ አገር ያለ ነው።

ወደ ክረምቱ ልመለስ። «ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው» ይባል የለ? የአዲስ አበባ ጎርፍ ከላይ ሲያዩት ጠፍጣፋ፣ ሰላማዊ ነው። ከሥሩ ምን እንዳለ ግን ማን ያውቃል? ትናንት ያልነበረ ጉድጓድ ዛሬ ሊኖር ይችላል፤ አስፋልት አንዴ ከተሰነጠቀ ውሃ በስንጥቁ ይገባና ከሥር ያለውን ገረጋንቲ ያጥበዋል፣ ከዚያ ከባድ መኪና ሲያልፍበት ይደረመሳል። በአንድ ሌሊት ዝናብ የሚፈጠር ጉድጓድ አለ። ስለዚህ ውሃ በተኛበት ቦታ በፍጥነት ማለፍ ማለት ዓይንን ጨፍኖ መንዳት ነው። መዞር ከተቻለ ዙሩ። ካልተቻለ ውረዱና ግፉ። ማንም አይስቅባችሁም፣ ቢስቅም ይሳቅ።

ውሃው ብቻ አይደለም የሚያንሸራትተው። ዝናብ እንደጀመረ ያለው የመጀመሪያው ሩብ ሰዓት በጣም መጥፎ ነው። በበጋው ሲጠራቀም የከረመው አቧራ፣ ዘይትና የጎማ ፍርፋሪ ከውሃው ጋር ተደባልቆ እንደ ሳሙና ይሆናል፤ ኋላ ዝናቡ ሲበረታ ታጥቦ ይሄዳል። ታክሲ ተራና አውቶቡስ ማቆሚያ አካባቢ ይሄ ይብሳል፤ ሞተራቸው እየሠራ ስለሚቆሙ ዘይትና ናፍጣ የሚንጠባጠበው እዚያ ነው። ረጥቦ የቀስተ ደመና ቀለም የሚያብለጨልጭ አስፋልት ካያችሁ ናፍጣ ወይም ዘይት ነው። እዚያ ላይ ፍሬን አትያዙ፣ አትጠምዝዙ፤ ቀጥ ብላችሁ እለፉ። የዜብራ ቀለምም ሲረጥብ ያንሸራትታል፤ ቀለሙ ወፈር ብሎ ደጋግሞ የተቀባበት ቦታማ እንደ ተወለወለ ሸክላ ነው። የብረት ክዳንም እንዲሁ፣ ግንባታ ቦታ በር ላይ የሚያነጥፉት ላሜራም እንዲሁ። ከግንባታ ቦታ የሚወጡ ሲኖትራኮች በጎማቸው ይዘውት የሚወጡት ጭቃ ደግሞ አለ። ሲደርቅ አቧራ ነው፣ ሲረጥብ ቅባት ነው። በአንዳንድ አገሮች መኪናው ጎማውን ታጥቦ ነው ከግንባታ ቦታ የሚወጣው። እዚህ ቢያንስ በር ላይ አንድ የውሃ ጎማና አንድ ሰው ማቆም ከባድ አይደለም።

ኮብልስቶንን በተመለከተ ሳልናገር ባልፍ አይሆንልኝም። ኮብል ለከተሞቻችን ባለውለታ ነው። ከጀርመኖች ጋር በተደረገ ትብብር ተሞክሮ ወደ ብዙ ከተሞች ሲዛመት ለስንት ሥራ አጥ ወጣት እንጀራ ሆኗል፤ ጭቃ የነበረውን የውስጥ ለውስጥ መንገድም ለሰው ልጅ የሚሆን አድርጎታል። ግን ለሳይክል ሦስት ነገሩ ያስቸግራል። አንደኛው፣ ድንጋዩ ከጊዜ በኋላ በጎማ ተፍቆ ይለሰልሳል፤ ጥላ ባለበት በግንብ ሥር ደግሞ አረንጓዴ የድንጋይ ሽበት ያበቅላል፣ ያ ሲረጥብ አይጣል ነው። ሁለተኛው፣ ከሥሩ ያለው አሸዋ በጎርፍ ሲታጠብ ድንጋዮቹ እኩል አይሰምጡም፤ አንዱ ጎልቶ አንዱ ጎድጉዶ ይቀራል፤ በመካከላቸው ጎማ የሚይዝ ቦይ ይፈጠራል። ሦስተኛው ከሁሉም ይከፋል። ውሃ ወይ ስልክ ለመቅበር ተቆፍሮ እንደገና የሚነጠፈው ኮብል ነው። የመጀመሪያው አንጣፊ በገመድ ለክቶ፣ ጠጠርና አሸዋ ደልድሎ፣ በደንብ ጠቅጥቆ ነው የሠራው። የቆፈረው ግን አፈሩን መልሶ ድንጋዩን እላዩ ላይ ደርድሮበት ይሄዳል። ከአንድ ዝናብ በኋላ መንገዱን አቋርጦ የሚሄድ ረጅም ጉድብ ይሆናል። በቁልቁለት ላይ ስትደርሱበት የፊት ጎማችሁን ይዞ ነው የሚጎትተው።

ኮብል ላይ ስትነዱ ፍጥነት ቀንሱ፣ መሪውን ግን አንቃችሁ አትያዙ። እጃችሁ ከደረቀ ንዝረቱ ሁሉ ትከሻችሁ ላይ ነው የሚያርፈው፣ ሳይክሉም እንደ ልቡ መሄድ ያቅተዋል። ላላ ብላችሁ ያዙት፣ ክርናችሁን እጠፍ አድርጉ። ቁልቁለቱ ላይ ሳትደርሱ፣ ገና ከላይ ሳላችሁ ነው ፍሬን መያዝ ያለባችሁ፤ መሃሉ ላይ ሆናችሁ «ፈጠንኩ» ካላችሁ ዘግይታችኋል።

አስፋልቱም ላይ ቁፋሮው ያው ነው። ውሃ ይቆፍራል፣ መብራት ይቆፍራል፣ ቴሌኮም ይቆፍራል፣ ሁሉም በየተራው ነው። አፈር ይመለስበታል፤ ጠጠር ይበተንበታል፤ አስፋልቱ «በቀጣይ» ይባላል። ጠጠሩ በመኪና ጎማ እየተፈናጠረ ወደ ዳር፣ ማለትም እኛ ወደምንነዳበት ይጠራቀማል። በጠጠር ላይ መታጠፍ ማለት መውደቅ ማለት ነው። ከመታጠፋችሁ በፊት ቀንሱ፣ በጠጠሩ ላይ ሳይክሉን ቀጥ አድርጉ፣ ፔዳል መምታት አቁሙ። ስለ ፍጥነት መገደቢያውም አንድ ነገር ልበል። የሰፈር ሰው ልጆቹን ከመኪና ለማዳን ብሎ በአፈርና በድንጋይ የሚሠራው አለ። ሐሳቡ ይገባኛል፣ ልጅ ያለው ሰው ሁሉ ይገባዋል። ግን ቀለም ያልተቀባ፣ ምልክት የሌለው፣ ድንጋዩ ያፈጠጠ ጉብታ ማታ ላይ ሳይክል ነጂን ከኮርቻው ያወርዳል። ነጭ ቀለም ቢቀባ፣ በቀኝ ዳር ደግሞ ሳይክል የሚያልፍበት ክንድ የምታህል ክፍት ቦታ ብትተው ሁሉም ደኅና ይሆናል።

ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በኮሪደር ልማቱ የብስክሌት መስመር አግኝተናል። ከፒያሳ እስከ አራት ኪሎ፣ ከአራት ኪሎም ወደ ቦሌ የሄደ ሰው አይቶታል። ከልቤ ነው የተደሰትኩት። ከዚያ በፊት በዚያ መንገድ ከሚኒባስና ከአንበሳ አውቶቡስ ጋር እየተጋፋን ነበር። የትራንስፖርት ሚኒስቴርም እ.ኤ.አ. ከ2020 እስከ 2029 የሚዘልቅ ሞተር አልባ ትራንስፖርት ስትራቴጂ አውጥቷል፤ በወረቀት ደረጃ እግረኛና ሳይክል ነጂ ተረስተዋል ማለት አልችልም። የምለው ግን፣ መስመር መቀባት ጅምሩ ብቻ ነው። መስመሩ ካልተጠረገ ጠርሙስ ስባሪ ይጠራቀምበታል። የመኪናው መንገድ በጎማ ንፋስ ራሱን ይጠርጋል፣ የሳይክሉ መስመር ግን የሚጠርገው ከሌለ ቆሻሻው እዚያው ይቀራል። መስመሩ ከመንገድ ወደ መንገድ በሚሻገርበት ቦታ የጠርዙ ድንጋይ ከፍ ብሎ ከቀረ በትንሽ ፍጥነት እንኳ ቸርኬ ያጣምማል፤ በሰያፍ ከተወጣበት ደግሞ ጎማውን አንሸራትቶ ይጥላል። ለዓይን የሚያምር ልስልስ ንጣፍም በሐምሌ ሌላ ነገር ነው። የመስመሩ ወለል የሚመረጠው በጥር ፀሐይ ሳይሆን በዝናብ ተሞክሮ ቢሆን እመኛለሁ።

ባሕር ዳርንና ሐዋሳን የሚያውቅ ሰው ሳይክል ለሀብታም ልጆች መዝናኛ አለመሆኑን ያውቃል። ሜዳ ከተሞች ናቸው፤ ተማሪው፣ የፋብሪካ ሠራተኛው፣ መምህሩ፣ ዳቦ የሚያመላልሰው ሁሉ በሳይክል ነው። እኔ ያደግሁት ባሕር ዳር ነው። እዚያ ከጉድጓዱ በላይ የሚያስቸግረው አሸዋና ጠጠሩ፣ ከባጃጁ ጋር መጋፋቱ ነው። አዲስ አበባ ላይ ደግሞ ዳገትና ቁልቁለቱ አለ። እንጦጦ ከ3,000 ሜትር ከፍታ በላይ ነው፤ ከዚያ ወደ ሽሮ ሜዳ፣ ወደ ስድስት ኪሎ ስትወርዱ ሳትፈልጉም በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር ትደርሳላችሁ። ይህ ማለት በአንድ ሰከንድ 11 ሜትር ነው። ሰው አንድ ነገር አይቶ እጁ ፍሬን እስኪይዝ ብቻ አንድ ሰከንድ ገደማ ያልፋል። አስር ሜትር ፊት ለፊታችሁ ያለ ጉድጓድ ፍሬን ሳትይዙ እግራችሁ ሥር ነው ማለት ነው። ስለዚህ ቁልቁለት ላይ ዓይን ከጎማው ፊት ሳይሆን ራቅ ብሎ፣ 20 እና 30 ሜትር ወደ ፊት መሄድ አለበት።

መንገዱ እስኪስተካከል እኛስ ምን እናድርግ? መቼም ቤት አንቀመጥም። ሳይክል የምትነዱ ወንድሞቼና እህቶቼ፣ በተለይ አዲስ ጀማሪዎች፣ እነዚህን ስሙኝ።

ከጎማው ጀምሩ። በጎማው ጎን ላይ ብዙ ጊዜ ዝቅተኛውና ከፍተኛው የአየር ግፊት ፒኤስአይ በሚባለው መለኪያ ተጽፏል፤ ብዙ ሰው አያነበውም። ጎሚስታ ጋ ሄደን «ድንጋይ አድርግልኝ» እንላለን። ድንጋይ የሆነ ጎማ ለደረቅ ጥሩ አስፋልት ነው። በኮብልና በእርጥብ መንገድ ላይ ግን ይነጥራል፣ መሬቱን አይጨብጥም። በጣም ከላላም ጉድጓድ ሲገባ ጎማው ከቸርኬው ጋር ይጋጭና የውስጡን ጎማ ሁለት ቦታ ጎን ለጎን ይበሳዋል። መሃከለኛውን ያዙ፣ ክረምት ላይ ትንሽ ዝቅ አድርጉት። አዲስ ጎማ የምትገዙ ከሆነ ሰፋ ያለውን ምረጡ፤ ለመንገዳችን እሱ ነው የሚሆነው። ጥርሱ ያለቀ ጎማ ይዞ ሐምሌን መሻገር ግን ራስን መበደል ነው።

ቀጥሎ አካላችሁ። ጉድጓድ ወይም ጉብታ ማምለጥ ካልቻላችሁ ከኮርቻው ትንሽ ተነሱ፣ ሁለቱን ፔዳል እኩል አድርጉ፣ ጉልበትና ክርናችሁን እጠፉ። እግራችሁ ያኔ አሞርዛተር ይሆናል። ፍሬን ይዛችሁ ጉድጓድ ውስጥ አትግቡ። ከመድረሳችሁ በፊት ያዙ፣ ስትደርሱ ልቀቁ፤ ፍሬን የተያዘ የፊት ጎማ ጉድጓድ ሲገባ ነው ሰውን በመሪ ላይ የሚያሻግረው። ፍርግርግ ወይም ሐዲድ የመሰለ ነገር ካጋጠማችሁ በሰያፍ አትሂዱበት፤ በተቻለ መጠን ጎማችሁ ከብረቶቹ ጋር መስቀለኛ ሆኖ እንዲያቋርጣቸው አድርጉ። ዓይናችሁን ደግሞ ጉድጓዱ ላይ አትትከሉ። ሰው የሚሄደው ወደሚያየው ነው፤ ይሄ የነዳ ሁሉ የሚያውቀው ነገር ነው። በጎኑ ያለውን ደኅና መንገድ እዩ፣ ሳይክሉ ይከተላችኋል።

ከጠርዙ ራቁ። ቢያንስ አንድ ሜትር ያህል ገባ ብላችሁ ንዱ። ብዙዎቻችሁ ሹፌር እንዳይሳደብ ብላችሁ ጥጉን ታቅፋላችሁ። ጥጉ ግን ፍርግርጉ፣ ጠጠሩና ጠርሙሱ ያለበት ነው። በተጨማሪም ጥግ ላይ ከሆናችሁ ጉድጓድ ሲመጣ ማምለጫችሁ ወደ ግራ ብቻ ነው፣ ወደ መኪናው። አንድ ሜትር ገባ ካላችሁ በሁለቱም በኩል ቦታ አላችሁ። ወደ ግራ ከመውጣታችሁ በፊት ወደ ኋላ እዩ፣ እጅ አሳዩ። ድንገት መታጠፍ ከጉድጓዱ የበለጠ ይገድላል፤ አንዳንዴ ቀስ ብሎ ጉድጓዱ ውስጥ መግባት ከመታጠፍ ይሻላል። በቡድን የምትነዱ ደግሞ ከፊት ያለው ሰው በእጁ ጠቁሞ፣ «ጉድጓድ!» ብሎ ይጩህ። ከኋላ ያለው የሚያየው የጓደኛውን ጀርባ እንጂ መንገዱን አይደለም።

ማታ ለሚነዱ፣ የኋላ ቀይ መብራት ለመኪናው ነው። የፊት መብራት ግን ለራሳችሁ ነው፤ መንገዱን የሚያሳይ ጠንካራ መብራት ያስፈልጋል። የሚያብለጨለጭ ትንሽ መብራት ጉድጓድ አያሳይም። በደንብ የሚያበራ መብራት መሬቱን ዝቅ ብሎ ሲመታው ጉድጓዱ ጥቁር ጥላ ይሠራል፣ ያኔ ከሩቅ ይታያል። ሄልሜት አድርጉ፤ ማሰሪያውን አጥብቃችሁ፣ ግንባርን ሸፍኖ። አንዴ በደንብ የተመታ ሄልሜት ከላይ ደኅና ቢመስልም ውስጡ ተሰንጥቆ ሊሆን ይችላል፤ ቀይሩት። ጓንትም ቢኖር ጥሩ ነው፣ ሰው ሲወድቅ መጀመሪያ የሚዘረጋው እጁን ነው።

ለሹፌሮችም አንድ ልመና አለኝ። ሳይክል ነጂ ከፊታችሁ ወደ ግራ ሲወጣ «ምን ሆኖ ነው መሃል የሚገባብኝ» አትበሉ። እሱ የሚያየው እናንተ የማታዩትን ጉድጓድ ነው። ስትቀድሙ አንድ ሜትር ተኩል ቦታ ስጡት፣ በተለይ ሲዘንብ። ክላክሱን ጀርባው ላይ አታምባርቁበት፤ ደንግጦ ወደ ቀኝ ሲሸሽ ምን እንደሚጠብቀው የሰፈራችንን ልጅ ታሪክ ነግሬያችኋለሁ። ሰባት ሰከንድ ብትዘገዩ የትም ትደርሳላችሁ።

ለከተማ አስተዳደሮች የምለው ብዙ አይደለም። ከሁሉ በፊት በዋና ዋና መንገዶች ቀኝ ጥግ ላይ ያሉት ፍርግርጎች ይዙሩ፣ ወይ ይበየዱ፤ ይሄ ከመስከረም በፊት ሊያልቅ የሚችል ሥራ ነው። የብስክሌት መስመር በቋሚነት ይጠረግ፤ ጎዳና የሚጠርጉት እናቶች ከሌሊት ጀምሮ ይለፋሉ፣ መስመሩም በሥራቸው ውስጥ ተካቶ ተጨማሪ ሰው ይቀጠርላቸው። የቆፈረ አካል አስፋልቱን ወይ ኮብሉን እንደነበረ ሳይመልስ ገንዘቡን አይውሰድ፣ ከአንድ ክረምት በኋላም ተመልሶ ይታይ። ቋሚው ጥገና እስኪደርስ ክፍት ጉድጓድ ላይ አንጸባራቂ ምልክት ይቁም፤ ቅርንጫፍ ማቆም የነዋሪ ሥራ መሆን የለበትም። ሐኪም ቤቶችም ከሳይክል የወደቀ ሰው ሲመጣ የት ቦታ፣ በምን ምክንያት እንደወደቀ አንድ መስመር ቢጽፉ፣ በዓመቱ መጨረሻ የትኛው መንገድ ሰው እየሰበረ እንደሆነ እናውቅ ነበር።

እናንተ አዘጋጆች ደግሞ አንድ ነገር ብታደርጉልኝ ደስ ይለኛል። ይህ ክረምት እስኪወጣ ድረስ በየሳምንቱ ከገጻችሁ ትንሽ ቦታ ስጡ። አንባቢ አደገኛ ጉድጓድ፣ የተሰረቀ ክዳን ወይም ጎማ የሚውጥ ፍርግርግ ያለበትን ቦታ ከነፎቶው ይላክላችሁ፣ እናንተም የሰፈሩንና የመንገዱን ስም ጠቅሳችሁ አውጡ። የተጠገነውንም እንዲሁ አውጡ፣ የሠራ ሰው ይመስገን። የመጀመሪያውን ፎቶ ከዚህ ደብዳቤ ጋር አያይዣለሁ፤ የልጁን እጅ የሰበረው ፍርግርግ ነው፣ ቦታውም ከጀርባው ተጽፏል።

ከአክብሮት ጋር
ሳይክል ነጂ አንባቢያችሁ፣ ከአዲስ አበባ